የአያ ዘርጋው ረጅሙ ክር

ተረት ተረት! በሉ «የሸማኔ ጉልበት» በሉኝና ልቀጥል።

ድሮ፣ የሰው አካልም ትንንሽ ነፍሳትም አንደበት በነበራቸው ዘመን፣ አያ ዘርጋው የሚባል ሸማኔ ነበር። እጁ የተባረከ፣ ራሱ ግን ችኮ! እግሩን ወደ መሸመኛው ጉድጓድ ሰድዶ ጠርዙ ላይ ከተቀመጠ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይነሣም። «በመሀል የተነሣ ሸማኔን ሸማው ይቀየመዋል» ይል ነበር።

የልጁ የትርንጎ ሠርግ ለእሑድ ተቆርጦ፣ የሠርጓን ቀሚስ ሲሸምን ግራ እግሩን እሳት የመሰለ ሕመም ላሰው። የሽመና ዕቃውን መርገጫ መርገጥ አቃተው። ቀሚሱ ካልደረሰ ትርንጎ በአሮጌ ልብስ ልትዳር ነው።

የእግር ጣቱን ተቆጣ። «አንተ ጣት፣ ምን አድርጌህ ነው የምታቃጥለኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከላይ የመጣብኝ ነው» አለ ጣት። ቅቤ ቀባው፤ አልተወውም።

ባቱን ተቆጣ። «እኔ ምን አውቄ! ከላይ የመጣብኝ ነው» አለ ባት። በመቀነት ጠፍሮ አሰረው፤ ባሰበት።

ጭኑን ተቆጣ። ጭንም ያንኑ መለሰለት። ይሄኔ አያ ዘርጋው፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ አለቀሰ።

ሸረሪት ከጣሪያው ተንጠልጥላ ወረደች። «አያ ዘርጋው፣ ድሩ ሲያዝብህ ጨርቁን ትደበድባለህ?»

«ምን ሲደረግ! ክሩን ተከትዬ የተያዘበት ቦታ እሄዳለሁ እንጂ።»

«ታዲያ ለራስህ ሲሆን ምነው?»

አፈረ። ከእግሩ ጀምሮ ሽቅብ ዳሰሰ፤ ባቱን፣ ጭኑን፣ መቀመጫውን። እዚያ ሲደርስ «ወይኔ!» ብሎ ጮኸ።

«ደረስክብኝ!» አለው ከውስጥ አንድ ድምፅ። ተናጋሪው ዛሬ ሐኪሞች ነርቭ የሚሉት ነው። «አምስት ክር ሆኜ ከወገብህ እወጣለሁ፤ ተገምጄ አንድ እሆናለሁ። እንደ አውራ ጣትህ ወፍሬ በመቀመጫህ ሥጋ ሥር አልፋለሁ፤ ጉልበትህ ጋ ለሁለት ተከፍዬ እስከ እግር ጣትህ እወርዳለሁ። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህብኛል!»

አያ ዘርጋው አፉን ያዘ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የፈተለውን ክር ሳደንቅ፣ ከሁሉ የሚያስደንቀው ከሥሬ ነበር ለካ!»

ከዚያ ወዲያ አንድ ክንድ በሸመነ ቁጥር እየተነሣ ቤቱን ይዞር ጀመር። ጠርዙም ላይ አጎዛ አነጠፈ። ሸማው አልተቀየመውም። እሳቱ ቀስ በቀስ በረደ፤ ቀሚሱም ቅዳሜ ደረሰ። እሑድ ልጁን ትንሽ እያነከሰ በገዛ እግሩ ሸኛት፤ ከሙሽራዋ ይልቅ እሱ ደስ አለው።

የሚጮኸው ጫፉ፣ የተረገጠው ሥሩ።

ተረቴ እዚህ ላይ ተቆረጠች። እናንተም ብዙ ተቀመጣችሁ፤ ተነሡ፣ እግራችሁን ዘርጉ!