ሰማይን ጋቢ ያለበሰው ጭራቅ

ኑ ጠጋ በሉ! የፈራ ጆሮውን ይያዝ። ግን አውቃችኋለሁ፣ በጣታችሁ መሃል ትሰማላችሁ።

ድሮ ድሮ፣ የሰው እግር ባልረገጠው አገር፣ አንድ ጭራቅ በተራራ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አንድ ቀን ነቃና የሆዱን እሳት ሁሉ ጓ! አድርጎ ተፋው። ሆዱ ባዶ ሲቀር በረደው። ጢሱንና አመዱን ፈትሎ ጋቢ ሸመነ። ሊለብሰው ሲል ግን ነፋስ ነጠቀውና በዓለም ሰማይ ላይ ዘረጋው።

ትርንጎ የምትባል ልጅ በምትኖርበት አገር ይህን ማን ያውቃል? ፀሐይዋ ደብዝዛ ቀላች። ገብሱ ሳያፈራ ውርጭ መታው። ከብቱ አለቀ፣ ሕፃናት ሞቱ። ያኔ የአገሩ ሰው የትርንጎን እናት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድረዋን ድንቄን፣ «ዓይኗ ነው!» ብሎ የቤቷን ጣራ አፈረሰባት።

ጭቃ ሹሙም፣ «እስከ ዘር ወቅት ፀሐይ ካልተመለሰች ልጆችሽን ይዘሽ ከዚህ አገር ውጪ!» አላት።

«ኧረ በፈጠረዎት! ይሄ ጨቅላ መንገድ ላይ ይሞትብኛል» ብላ፣ የታቀፈችውን የትርንጎን ታናሽ ወንድም እያሳየች አለቀሰች።

ትርንጎ የእናቷን እንዝርት ይዛ፣ ፀሐይን የጋረዳት ምን እንደሆነ ልታይ ሰማዩ ወደሚጠቁርበት ሄደች።

አንድ አገር ደረሰች። ስንዴው ላይ በረዶ ተኝቷል። ሰዎቹ አንድ ሽማግሌ ይደበድባሉ። «የኛ አገር ብቻ ተረገመ! ጥፋቱ የሱ ነው!» ይላሉ።

ሌላ አገር ደረሰች። ወንዙ ደርቋል። ሰዎቹ አንዲት ሴት አስረዋል። «የኛ አገር ብቻ ተረገመ! ጥፋቱ የሷ ነው!» ይላሉ።

ሦስተኛው አገር ደረሰች። እዚያ የሚከሰስም የሚከስም አልቀረም። አንዲት ልጅ ብቻ መቃብር ላይ ተቀምጣ፣ «የኛ አገር ብቻ ተረገመ» ትላለች።

«አይደለም እህቴ! ያየሁት አገር ሁሉ እንዲሁ ነው» አለች ትርንጎ። ከዚያም ሰማዩ ከሁሉ ወደጠቆረበት ተራራ እየሮጠች ወጣች።

«የሰው ጠረን ሸተተኝ! ማነሽ?»

«የፈታይ ልጅ ነኝ፣ አያ ጭራቅ።»

«በርዶኛል! ጋቢዬን ነፋስ ነጥቆ ሰማይ ላይ ዘረጋብኝ! ልብላሽና ልሙቅ!»

እንዝርቷን አወጣች። «እኔ ለአንድ ጉርሻም አልበቃህም። ጋቢህ ሰማይ ላይ ምን ይሠራልሃል? ጫፉ አልተቋጨም፤ ልተርትረውና ላልብስህ።»

«አልብሺኝ! ካልሞቀኝ ግን ወዮልሽ!»

የተንጠለጠለውን ክር ያዘች። እንዝርቷን አሾረች። እግሩን ጠመጠመችው።

«ገና ይበርደኛል! ልብላሽ?»

«ታገስ አያ ጭራቅ፣ ጋቢው አላለቀም።»

ሰማዩ ትንሽ ነጣ። እንዝርቷን አሾረች። እጁን ጠመጠመችው።

«ገና ይበርደኛል! ልብላሽ?»

«ታገስ አያ ጭራቅ፣ ጋቢው አላለቀም።»

ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ። እንዝርቷን አሾረች። ወደ አንገቱ ወጣች።

«ገና ይበር...»

አፉን ጠመጠመችው! ሊይዛት ቢል እጁ ታስሯል። ሊነሳ ቢል እግሩ ታስሯል። ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጣችበት፣ እዚያው እንደተቀመጠ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

ትርንጎ አገሯ ስትገባ ፀሐይ ቀድማታለች። ጨቅላው በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ፣ ጣራ በሌለው ቤት ፀሐይ ይሞቃል። ከስቷል፣ ግን አለ። የስንቷ እናት ጭን ባዶ ነበር! የአገሩ ሰው አንገቱን ደፍቶ ደጃፉን ሞልቶታል።

«እመት ድንቄ፣ ይቅር በይን» አለ ጭቃ ሹሙ።

ድንቄ ልጇን ታቅፋ ተነሳች።

«መጀመሪያ ጣራዬን ክደኑ» አለች።

ከደኑላት። ተረቴም አለቀ፣ አሁን ጆሯችሁን ልቀቁ።