እጅ ነሺ

ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ዓለቱ ለሁለት ከተሰነጠቀበት ሥር የምትወጣዋን ምንጭ የአገሩ ሰው ሁሉ እጅ ነሺ ይላታል። ለእንግዳ ሰው ስሟ የአክብሮት ይመስለዋል፤ ከደብሩ ሥር ሆና ለታቦቱ እጅ ስለምትነሳ ነው ብሎ የሚተረጉምም አለ፣ አልነቅፈውም፣ ያምራል። ሽማግሌዎቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው። እጅ ነሺ የተባለችው ሰውን እጁን ስለነሳችው፣ አንድ አራሽ እጁን አጥቶባት ስለተመለሰ ነው ይላሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከእናቴ እናት አፍ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ ልጆቼ፣ የጎደለውን የሚያውቅ ይሙላበት።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን ገላው የሚባል ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን ልብ በሉ፤ ጾሙን ይጾማል፣ ማኅበሩን ይጠጣል፣ የታመመ ይጠይቃል። መሬቱም አያንሰውም። ግን ከእርሻው ጎን የእንጉዳይ መሬት ነበረች። እንጉዳይ ባሏ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጅ ይዛ የቀረች ጎረቤቱ ናት። በሁለቱ መሬት መካከል የቆመ ድንጋይ አልነበረም፣ ወሰኑ የሣር መስመር ብቻ ነው። ገላው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ሣሩ ጋ ሲደርስ እርፉን ትንሽ ያጋድለዋል። ትንሽ ነው፣ ሩቅ ሆኖ ያየ ሰው በሬው ነው የሳተው ይላል። ማረሻው ሣሩን ይነክስና አንዲት ትልም ወደ እሱ ታልፋለች፤ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ትልም። እንዲህ እንዲህ እያለ የእንጉዳይ መሬት ጠቦ ጠቦ፣ ሌላ አንድ ዓመት ከተገፋ ለእናትና ልጅ ቀለብ የማይወጣበት ላይ ደረሰ። እሷም «ዘንድሮ ከገፋኝ ልጄን አዝዬ ከአገር እወጣለሁ» ብላ ለሰው ተናገረች።

ገላው ይህን ሰምቷል። ኃጢአት መሆኑንም ያውቃል። ለንስሐ አባቱ ለመምሬ እንዳላማው ተናዘዘ፤ ስግደት ሰጡት፣ ሰገደ፤ ጾም ጨመሩበት፣ ጾመ። ጉልበቱ ዛለ፣ ልቡ ግን እዚያው ሣሩ ላይ ነበር። አልፈልግም እያለ ይፈልጋል። እህል ጎድሎት እንዳይመስላችሁ፤ ምኞት ጥርስ እንጂ ሆድ የለውም፣ በምን ይጠግባል?

እርሻ ሊጀመር ሲል በአንድ እሑድ መምሬ እንዳላማው፣ እጅህ ካሳተችህ ቆርጠህ ጣላት የሚለውን ቃል ለሕዝቡ ተረጎሙ። ገላው ቃሉን ይዞት ወጣ። በማግስቱ ማለዳ በሬዎቹን ጠምዶ ገና ሣሩ ጋ ሲደርስ ያው ምኞት መጣበት፤ ያን ጊዜ በሬዎቹን እንደተጠመዱ አቆመና መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ምንጯ ወረደ። ያች ውኃ በጋ ከክረምት በረዶ ናት። ሲቆርጣት እንዳያመው ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ፣ መጥረቢያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

እንጉዳይ እንስራዋን አዝላ ስትወርድ አገኘችው።

«ምን ትሠራለህ አንተ ገላው? ዓሣ ታጠምዳለህ?»

«እጄን ልቆርጣት ነው።»

«የትኛዋን?»

«ያንቺን መሬት የምትገፋዋን።»

ሳቀች ይባላል፤ ደስ ብሏት አይደለም። «እርፍ የሚያዘው በአንድ እጅ አይደለም እንዴ? ይችን ብትቆርጣት ጅራፉን ትጥልና በግራህ ትገፋኛለህ። ያኔ ደግሞ እጀ ቆራጣ ምስኪን ትባላለህ፣ ማን ይፈርድልኛል? ተው ወንድሜ፣ መገፋቴ ካልቀረ በሙሉ እጅህ ግፋኝ።»

እውነቷን ነው፤ አራሽ በአንድ እጁ እርፉን፣ በአንዱ ጅራፉን ነው የሚይዘው፣ ዕድሜውን ሲያርስ የኖረ ሰው ይህን እንዴት እንደረሳው እንጃ። እንጉዳይ መጥረቢያውን ከጭኑ ላይ አነሣችና ዳገቱን ወጥታ መምሬ እንዳላማውን ጠርታ መጣች። እሱ እጁን ከውኃው አላወጣም።

«ማነው ቁረጥ ያለህ?» አሉት መምሬ።

«እርስዎ ነዎት አባቴ፣ ትናንት።»

መምሬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ምኞቱ ያለው ከእጅህ ላይ ነው?»

«አይደለም። ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ አልለቅ አለኝ። ጉልበቴ አለቀ አባቴ።»

«ይለቅ። ብቻህን ስትታገል ነው የከረምከው። መንፈስ ቅዱስን ና ምራኝ ብለኸው ታውቃለህ?»

«አላልኩትም አባቴ።»

«እጅህስ እንዴት ናት?»

«እንጃላት። ደንዝዛለች። የኔ አትመስለኝም።»

«እንግዲያው የሱ ትሁን። ተነሥ፣ እንደደነዘዘች እርፉን ያዝባትና ምራኝ በለው።»

«ምንም አልተሰማኝም እኮ አባቴ።»

«ይሰማህ ያለህ አለ? ሂድ።»

ገላው ሄደ። እጁ እርፉን መያዟን በዓይኑ ያያታል እንጂ አትሰማውም ነበር ይባላል። ሣሩ ጋ ሲደርስ ልቡ አጋድል አለው፤ እሱ በአፉ ምራኝ አለ፤ እጁም አላጋደለችም። ማረሻው ከሣሩ ወዲህ ቀጥ ብሎ አለፈ። ከዚያ በሬዎቹን መለሰና አምና የገፋትን ትልም፣ ካቻምና የገፋትን፣ ከዚያም በፊት የገፋትን ሁሉ ወደ እሷ ትቶ በጥንቱ ወሰን ላይ አዲስ ትልም አወጣ። እንጉዳይ ዳር ቆማ ታያለች። እልል አላለችም።

ሲጨርስ «ደስ አለህ?» አለችው።

«ምንም አልተሰማኝም።»

«እኔንም» አለችና እንስራዋን ለመሙላት ወረደች። ከአገር አልወጣችም፤ ልጇም በዚያው መሬት አደገች።

እንግዲህ ምኞቱ ጠፋለት ብለው የሚጨርሱት አሉ፤ እኔ ግን እንዲያ አልሰማሁም። በዓመቱ ሣሩ ጋ ሲደርስ መጣበት። ወደ ምንጯ ወረደ፣ እጁን ነከረ፣ ምራኝ አለ፣ ተመልሶ ቀጥ አድርጎ አረሰ። በሌላውም ዓመት እንዲሁ፤ እስኪሞት እንዲሁ። አንዳንዶች ከዚያች ማለዳ በኋላ ቀኝ እጁ እሳት እንኳ አልተሰማትም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የለም፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል እንደማንም ሰው እጅ ነፍስ ትዘራ ነበር ይላሉ። የኋለኛው ነው የሚመስለኝ፤ የማይሰማው እጅ ቢሆንማ በየዓመቱ ምን ሊያደርግ ይነክረዋል?

ዛሬም በእኛ አገር የመጀመሪያዋ ትልም ከመውጣቷ በፊት አራሽ ሁሉ ማለዳ ወደ እጅ ነሺ ይወርዳል። ዘፈን የለም፣ ወሬ የለም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጎን ቁጭ ብሎ ቀኝ እጁን ይነክራል፣ እስክትደነዝዝ ይጠብቃል፣ ምራኝ ይላል፣ ይነሣል። አርሶ ሲገባ ሚስቱ የእግሩን ውኃ እያቀረበች «ምን ተሰማህ?» ብላ ትጠይቀዋለች። «ምንም» ካላት ሌላ አትጠይቅም፤ ወሰኑን ሄዳ አታይም።