የሁለት አገር ጭስ

በድሮ ዘመን፣ የአገር ሀብት በወረቀት ሳይሆን በማታ ጭስ ይለካ በነበረበት ዘመን፣ አድማስና ጭልፋ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት አገሮች ነበሩ። ጠጋ በሉ ልጆች። እናንተ ከኋላ ያላችሁትስ፣ ትሰሙኛላችሁ?

አድማስ ሰፊ ናት። ከአንዱ ዳር ተነስቶ ሌላው ዳር ደርሶ የተመለሰ መንገደኛ፣ ልጆቹ አድገው አያውቁትም ነበር። ጭልፋ ትንሽ ናት። በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰውን ሰው በሌላው ጫፍ ያለው «ይማርህ!» ይለው ነበር።

የአድማሱ ንጉሥ አንበርብር ትልቅ ነገር ይወዳል። ትልቅ ዙፋን፣ ትልቅ ከበሮ፣ ትልቅ ወሬ። የጭልፋዋ ንግሥት አትጠገብ ግን ማታ ማታ በየቤቱ እየዞረች «ዛሬ ምን በላችሁ?» ብላ መጠየቅ ትወዳለች። ንጉሡ አንድ አማካሪ አለው፤ ስሙ ብልሃቱ ነው። ብልሃቱ ለተጠየቀው ሁሉ መልስ አያጣም። መልሱ ልክ ይሁን አይሁን እንቅልፍ አይነሳውም።

የእኛ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የእኛ ሰው ቢምረው የሚባል የአድማስ ገበሬ ነው። ሁለት በሬዎች፣ ከአባቱ የወረሰው የወይራ ሞፈርና ደብሪቱ የምትባል ሚስት አለው። ሞፈር ማለት ማረሻውን ከቀንበሩ የሚያገናኘው ረጅም እንጨት ነው። ያለ እሱ በሬ ቆሞ ያያል እንጂ አያርስም። ቢምረው ቸኩሎ ይናገራል፤ ደብሪቱ ቆይታ ትናገራለች።

አንድ ቀን ነጋዴዎች በአድማስ ሲያልፉ፣ «በጭልፋ እንግዳ ሳይበላ አያልፍም፤ ያቺ ሀብታም አገር ናት» ብለው አወሩ። ወሬው ንጉሥ አንበርብር ጆሮ ደረሰ። ንጉሡ ከዙፋኑ ዘሎ ተነሳ።

«ጭልፋ? ያቺ እኔ እግሬን ስዘረጋ የማልፋት አገር?» አለ። «እንወዳደር! የተሸነፈው በአሸናፊው ፊት ቀድሞ ያጎንብስ!»

ንግሥት አትጠገብ መልእክተኛውን እንዲህ አለችው። «እኛ ባቄላ እየለቀምን ስለሆነ ለውድድር ጊዜ የለንም። ዳኛው ማየት ከፈለጉ ግን ይዩን፤ የምንደብቀው ጭስ የለንም።»

በሁለቱ አገሮች ወሰን ላይ ኮረብታ አለ። እዚያ አባ ወልደሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ዳኛ ይኖራሉ። ንጉሡን «እሱ»፣ ዳኛውን «እሳቸው» ማለቴን አትታዘቡኝ፤ አውቄ ነው። አገር ከአገር ሲወዳደር ዳኛው ማታ ወጥተው ጭስ ያያሉ። ጭስ የወጣበት ቤት እራት አለው፤ ጭስ ያልወጣበት ቤት ጦሙን ያድራል። ሕጉ ይኸው ነው።

ሕጉ ደግሞ ጅራት አለው። ዳኛው ባሸነፈው አገር ጭሱ ከሁሉ የወፈረበትን ቤት ፈልገው፣ ከሁለቱ ነገሥታት ጋር እራት ካልበሉ ፍርዱ አይጸናም። ይህችን ጅራት ያዙልኝ። በአድማስ ቤተ መንግሥት ሁሉም ረስቷታል።

በመጀመሪያው ማታ አባ ወልደሰንበት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አዩ።

«የአድማስ ጭስ ብዙ ነው» አሉ። ንጉሡ ደረቱን ነፋ።

«ጭስ ያልወጣበት የአድማስ ቤት ግን ከዚያም ይበዛል። በጭልፋ ጭስ ያጣሁበት ቤት የለም። ነገ ማታ ደግሜ አያለሁ።» ንጉሡ ደረቱን መለሰ።

«የእኔ ማድ ቤት ብቻውን ከጭልፋ ሁሉ በላይ ይጨስ የለም ወይ!» ብሎ ጮኸ።

«ይጨሳል እንጂ ጃንሆይ» አለ ብልሃቱ። «እርስዎ ስለ እህሉ አይጨነቁ። የጎደለን እህል አይደለም፤ የጎደለን ጭስ ነው።»

ንጉሡ ይህን ሲሰማ ቀለል አለው። ማልዶ አዋጅ ተነገረ።

«ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! ማታ የማይጨስ ቤት የአገር ጠላት ነው! ያለህን ማገዶ አንድድ!»

ቢምረው ወደ አዋጅ ነጋሪው ጠጋ አለ። «የሚጥደው የሌለውስ ሰው ምን ያድርግ?»

«አዋጁ ስለ ድስት የሚለው የለም» አለ ነጋሪው፤ ከበሮውን እየመታ አለፈ።

ያን ማታ እህል በሌለበት ቤት ሁሉ እሳት ነደደ። ልጆች እሳቱን ሲያዩ ሳህናቸውን ይዘው ቀረቡ። እናቶቻቸው ፊታቸውን አዞሩ። እኔን ይህን ባወራሁ ቁጥር ያናድደኛል፤ አሁንም ተናድጃለሁ፤ ይሁን እንቀጥል።

ዳኛው አዩ። «ዛሬ ሁሉም ቤት ጨሷል» አሉ። «ግን የአድማስ ጭስ ይቸኩላል፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የጭልፋ ጭስ ወጡ እስኪበስል ይቆያል። ነገም አያለሁ።»

ማልዶ ሁለተኛ አዋጅ ተነገረ። «ስማ! ስማ! አጥርህን፣ በርህን፣ አልጋህን አንድድ!»

አጥር ነደደ፤ ፍየል ጓሮ ገብታ ጎመኑን ጨረሰች። በር ነደደ፤ ጅብ ደጅ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። አልጋ ነደደ፤ ሽማግሌዎች መሬት ላይ ተኙ። ቢምረውም በሩን ፈልጦ አነደደ። ልጆች በጭሱ ታፍነው ሲስሉ ብልሃቱ በበቅሎው እያለፈ፣ «ይህ እኮ የጥጋብ ሳል ነው!» ይል ነበር። እሱም ለአርአያነት ብሎ በቤቱ ያለውን ደረቅ እንጨት ሁሉ፣ በሩን ሳይቀር አነደደ።

ዳኛው አይተው፣ «ሁለቱ አገሮች ተካክለዋል። ነገ ማታ ፍርድ እሰጣለሁ» አሉ።

ንጉሡ በደስታ ብልሃቱን ካባ አለበሰው። «ነገ ማታ ጭሱ ከሁሉ የወፈረለትን ሰው ቢትወደድ አደርገዋለሁ!» አለ።

በማግሥቱ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ደረሰ። ገበሬው ሁሉ ሞፈሩን አውጥቶ ሲያይ ሦስተኛው አዋጅ መጣ። «ስማ! ስማ! ሞፈርህን፣ ቀንበርህን አንድድ!»

ብልሃቱ ራሱ ወታደሮች አስከትሎ ቢምረው ደጅ ደረሰ። ቢምረው ሞፈሩ ላይ ተቀመጠበት። ደሙ ፈላ። ይህ ሞፈር ከነደደ ዘንድሮ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ ልጆቹ ክረምቱን አይወጡም። ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ደብሪቱ ጋቢውን ሳብ አደረገችው።

«ሰውየው የሚፈልገው ጭስ ነው፤ ጭስ እንስጠው» ብላ በጆሮው አንሾካሾከች። «ደግሞስ፣ ዳኛው እራታቸውን የት እንደሚበሉ ረሳኸው?»

ቢምረው ትንሽ አሰበ። ፊቱ በራ። ተነስቶ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ሞፈሩን ይውሰዱት። ግን ልፋትዎ አሳዘነኝ» አለ።

«የምን ልፋት?»

«ደረቅ ወይራ ነበልባል እንጂ ጭስ የለውም። ጭስ ያለው እርጥብ ቅጠል ነው፣ እርጥብ ገለባ ነው፣ ትኩስ እበት ነው። ይህን ምድጃው ላይ የከመረ ትልቅ ቤት ብቻውን ሰማይ ይሸፍናል። ቢትወደድነቱም የዚያ ቤት ጌታ ነው።»

ብልሃቱ ዙሪያውን ቃኘ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ከሚስቴና ከበሬዎቼ በቀር ማንም አያውቅም። ግን ጌታዬ፣ ገበሬው ሁሉ ሞፈሩን ካነደደ የእርስዎ ጭስ ከሌላው ይቀላቀላል። ዳኛው የማን እንደሆነ በምን ይለዩታል?»

ብልሃቱ ጢሙን ዳሰሰ። ወዲያው አዋጁን አስለወጠ። «ስማ! ስማ! ሞፈር የአገር ሀብት ነው! አንድም ሰው እንዳይነካው!» ከልጅነቱ ጀምሮ ለሞፈር ሲቆረቆር የኖረ ይመስል ነበር።

ከዚያ አሽከሮቹን ሁሉ ወደ ጫካ ላከ። ቅጠል ተሸክመው መጡ። ገለባ ተሸክመው መጡ። እበት ተሸክመው መጡ። ወጥ ቤቷ፣ «ጌታዬ፣ የማታውን ወጥ በምን ላብስለው?» ብላ ጠየቀች።

«ዛሬ ማን ስለ ወጥ አወራ? ዛሬ የምንሠራው ጭስ ነው!» አላት። ለወጉ ያህል ትልቁን ድስት ባዶውን ምድጃው ላይ አስጣደ።

ማታ ሲሆን ያ ቤት ጨሰ። እንዴት ያለ ጭስ! ዛፉን ዋጠ፤ መንደሩን ዋጠ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠለቀች። ሰዉ ሁሉ ኮረብታው ላይ ተሰበሰበ፤ ቢምረውም መጣ። አባ ወልደሰንበት አይናቸውን እየጠረጉ ተነሱ።

«ጭስ የሌለው የአድማስ ቤት አላይም» አሉ። «እንዲያውም ቤት አላይም። አድማስ አሸነፈች።»

ከበሮ ተመታ፤ ከበሮ መቺዎቹ ይስላሉ። ብልሃቱ ካባውን አስተካከለ። ንጉሡ፣ «አትጠገብ፣ አጎንብሺ!» አለ።

ንግሥቲቱ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ልታጎነብስ ስትል ዳኛው በትራቸውን አነሱ። «ቆዩ እንጂ። መጀመሪያ እራት።»

«የምን እራት?» አለ ንጉሡ።

አባ ወልደሰንበት የሕጉን ጅራት ተናገሩ። የብልሃቱ ፊት አመድ መሰለ። ቢምረው ለዳኛው ክንዱን ሰጣቸውና፣ «መንገዱን እኔ ላሳይዎት አባቴ፤ ቤቱ አይጠፋም» አላቸው።

ወረዱ። ጭሱ አይን አላስገልጥ ስላለ አንዱ የአንዱን ልብስ ይዞ ተከተለ፤ ዳኛው የቢምረውን፣ ንግሥቲቱ የዳኛውን፣ ንጉሡ የንግሥቲቱን። ብልሃቱ ወደ ኋላ ሊቀር ሲል ወታደሮቹ ገፉት። ቤቱ ገብተው ምድጃው አጠገብ ደረሱ። ዳኛው የትልቁን ድስት ክዳን በገዛ እጃቸው ከፈቱ።

ከድስቱ ጭስ ወጣ። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

«ምነው ልጄ?» አሉ ወጥ ቤቷን።

«ዱቄት ሞልቷል አባቴ፤ ሥጋም አለ። የሚያበስል እሳት ነው የጠፋው። እርጥብ ቅጠል እንኳን ወጥ ውሃም አያፈላም።»

ብልሃቱ አሁንም መልስ አላጣም። «ጃንሆይ፣ ጭሱን ካየነው እኮ እድገቱ…»

ንጉሡ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ነበር። «እንግዲያው ጭስህን አጉርሰኛ!» ብሎ ጮኸበት።

ወደ ጎረቤት ሄዱ፤ የሚያንኳኩት በር የለም። ወደ ሌላው ሄዱ፤ እፍኝ ማገዶ የለም። ወደ ሦስተኛው ሄዱ፤ ልጆች ባዶ ሳህን ታቅፈው ተኝተዋል። ንጉሡ እነዚያን ልጆች ቆሞ አያቸው።

«ጭልፋ ከኮረብታው ወዲያ ናት» አለች ንግሥት አትጠገብ። «ዛሬ ገንፎ ነው። ለሁላችንም ይበቃል።»

ሄዱ። የመጀመሪያው የጭልፋ ቤት ጭሱ ከአገሩ ሁሉ የወፈረ ቢሆንም ቀጭን ነው፤ የቅቤው ሽታ ግን ከሩቅ ይጠራል። የቤቱ በር አጭር ነው፤ የንጉሡ ዘውድ ረጅም ነው። ንግሥቲቱ ዘውድ ስላልደፋች ሳታጎነብስ ገብታ በውስጥ ቆመች። ንጉሡ ዘውዱን አየ፤ በሩን አየ፤ ገንፎውን አሸተተ። ከዚያ ዝቅ ብሎ አጎንብሶ ገባ።

«ንጉሡ ቀድሞ አጎነበሰ» አሉ አባ ወልደሰንበት፤ ምራቃቸውን እየዋጡ። «ጭልፋ አሸነፈች። እራቱንም እዚሁ እበላለሁ፤ ፍርዱ ጸና።»

ንጉሡ አልተከራከረም፤ አፉ ሞልቶ ነበር። ገንፎውን ሦስቴ ካስጨመረ በኋላ ቀና ብሎ፣ «አንተ ገበሬ፣ ምን ይደረግልህ?» አለው።

«ዝናብ መጣ ጃንሆይ» አለ ቢምረው። «ቤቴ በር የለውም።»

ንጉሡ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አልበላም።

ብልሃቱ ካባውን ተገፈፈ። በመጥረቢያ እየቆረጠ፣ በትከሻው እየተሸከመ፣ ላስነደደው በር ሁሉ በር እንዲሠራ ተፈረደበት። ከቢምረው ቤት ጀመረ። አድማስ ሰፊ ናት ብያችኋለሁ፤ የራሱን በር ለመሥራት ገና ተራ አልደረሰውም አሉ። ቢምረው ግን በበነጋው በዝናብ የራሰውን መሬት በአባቱ ሞፈር አረሰ፤ ደብሪቱም ከኋላው ዘሩን በተነች።

በአድማስ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ፣ «በጭስ እኮ አሸንፈን ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ማንም አይቃወማቸውም።

እናንተ ግን ልጆች፣ ይህ አገር ሀብታም ነው፣ ያ አገር ደሃ ነው ሲሏችሁ፣ ስፋቱን አትዩ፤ ጭሱንም አትቁጠሩ። ግቡና ድስቱን ክፈቱ፤ ከዚያም ልጆቹ በልተው ተኝተው እንደሆነ ጠይቁ።

ተረቴን እኔ ጥጄ አበሰልኩት። ክዳኑን እናንተ ክፈቱ፤ ከወደዳችሁት ለሌላው ጨልፉለት።