ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የምታንገራግረው መኪና

ግንባቸው ካረጀ በሮቻቸው ከጠበቡ ከተሞች በአንዷ፣ ስሟ ለጉዳያችን አያስፈልግምና እንለፈው፣ ሐጂ ሸረፋ የሚባሉ መካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ከመስጊዱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። አዛን ሲባል መፍቻ እጃቸው ላይ አይገኝም። የሰፈሩ ሰው «ፊተኛው የሶላት ሰፍ ላይ ግራሶ ከሸተተህ ሐጂ ደርሰዋል ማለት ነው» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አብዱልመናን የተባለ ሹፌር አሮጌ ነጭ መኪና ይዞ መጣ። መኪናዋ የሟች አባቱ ናት። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ከጀመረ ዘመን አልፎታል።

«አንዳንዴ ታንገራግራለች ሐጂ። ነዳጅ እየሰጠኋት እንቅ ትልና ትጠፋለች። ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።»

ሌሎቹን ጋራዦች ሁሉ ዞሯቸዋል። ካንዴላ ተቀይሯል፣ ካርቡራተር ታጥቧል፣ የቤንዚን ፖምፓ አዲስ ገብቷል። ሐጂን መጨረሻ ላይ ያደረጋቸው ግን ሙያቸውን ንቆ አይደለም። የአባቱ ወዳጅ ናቸውና መጀመሪያ ስለምን እንደሚጠይቁት ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት የመኪናዋ የቤንዚን ታንክ ቀዳዳ አውጥቶ ሊያስበይድ ሲመጣ ጠይቀውት ዋሽቷቸው ነበር።

ሐጂ ኮፈኑን ሳይከፍቱ፣ «እናትህ ነፊሳ ደህና ናት?» አሉት።

አሁን መዋሸት አቃተው። «አላውቅም ሐጂ። ካየኋት አራት ዓመት ሆነኝ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ወደ አኼራ በሄደ በአርባኛው ቀን አብዱልመናን መኪናዋን ወደ ከተማ ሊያመጣ ተነሳ። እናቱ በሩን ይዘው፣ «የአባትህን ድምፅ ከደጄ አታርቅብኝ» አሉት። በየማታው ሞተሯ ዳገቱን ስትወጣ እየሰሙ ራት ያቀርቡ የነበሩ ሴት ናቸው። እሱ ግን «ለብረት ታለቅሻለሽ እንዴ?» ብሏቸው ዱዓቸውን ሳይቀበል ወረደ። ያቺ ቃል ከአፉ ከወጣች ጀምሮ ይጸጸትባታል። ናፍቆቱ ከጸጸቱ ጋር ተጋብቶ፣ የእናቱን ስም ሲሰማ እንኳ ፊቱን ያዞራል።

«ሁለት ጊዜ ወደ እሷ ልሄድ ተነስቼ ነበር» አለ። «ሁለቴም ወደ ቤታችን በሚያወጣው ዳገት ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጠፋችብኝ። ከተማ ውስጥ ምንም አትል፤ ወደ እናቴ ፊቴን ሳዞር ብቻ። ይሄ የሞተር ነገር አይደለም። የእናቴ ቅያሜ ነው። አላህ መንገዱን ዘግቶብኛል።»

«ከጥምዙ እስከ ቤታችሁ በእግር ስንት ነው?»

«ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።» አቀርቅሮ፣ «በእግሬ ልውጣ ስል እግሬም ያዘኝ ሐጂ» አለ።

ሐጂ አልገሰጹትም፤ አላጽናኑትምም። «በሽተኛ የሚታየው ሲያመው ነው። ንዳት፣ እንሂድ» ብለው ገቡ።

ዳገቱን ሲጀምሩ ማሽላው ቀልቶ ደርሷል። አብዱልመናን የልጅነቱን ቁልቋል አጥር፣ የአባቱን የማረፊያ ድንጋይ አንድ በአንድ እያየ፣ እንዳያለቅስ ጥርሱን ነክሶ ይነዳል። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ መኪናዋ አንገራገረች፤ ሁለቴ ተንተባተበችና ጠፋች። ከላይ የእናቱ ቤት ቆርቆሮ ያብረቀርቃል።

ሐጂ ወርደው ከታንኩ የሚመጣውን የቤንዚን ጎማ ከፖምፓው ላይ ነቀሉ። ጠብታ የለም። ከደረት ኪሳቸው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓቸውን፣ አወጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሱብሓነላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አላሁ አክበር፤ ሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስቱን ሲጨርሱ ቤንዚኑ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር፤ ጎማውን መልሰው ገጠሙና «አስነሳት» አሉት። ተነሳች።

«ሞተሯ ጤነኛ ናት» አሉ ሐጂ። «ታንኩ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። ዳገት ላይ አብዝታ ስትስብ መውጫው ላይ ይለጠፋል፤ ስታርፍ ይለቀዋል። በል እንግዲህ፣ ቀስ እያልን ወደ ላይ…»

ተናግረው ሳይጨርሱ አብዱልመናን መሪውን ቁልቁል አዙሮታል።

ጋራዥ ደርሰው ታንኩን አወረዱ። አብዱልመናን ለዙህር ሶላት ታጥቦ፣ ዉዱእ አድርጎ ሲመለስ ሐጂ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጠው ቤንዚን የሚንጠባጠብ ጨርቅ ይዘዋል።

«ጨርቅ?» ጮኸ አብዱልመናን። «ድግምት ነው! ከዚያ በመኪናዋ ከሚመቀኘኝ ጎረቤቴ በቀር ማንም አያደርገውም፤ እኔ እኮ ጠርጥሬው ነበር!»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው ጥፋተኛውን ራሱ አግኝቷል። ሐጂ ዝም ቢሉ ክብራቸው እንዳለ ይቀራል፤ ምርቃትም ይጨመርላቸዋል።

«የሰው ሥራስ ነው» አሉ ሐጂ። «የእኔ ነው።»

ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የደበዘዘ አረንጓዴ፣ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው። «ይሄ ያረጀ ሽርጤ ነው። ታንኩን የበየድኩልህ ቀን አዛን አለ። አቧራ እንዳይገባ አፉን በዚህ ወትፌ ወደ ሶላት ሮጥኩ። ስመለስ ውታፉን አላየሁትም፤ ሰው ያነሳው መስሎኝ ክዳኑን ገጠምኩ። ለካ ወደ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።»

«ለሶላት ነው የሮጡት ሐጂ፤ ምን ጥፋት አለው?»

«ጥፋቴን ሶላት ላይ አትጫንብኝ። ሮጬ መሄዴ መልካም ነበር፤ ተመልሼ አለመፈለጌ ግን የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ወሰድኩብህ። አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ።»

የአብዱልመናን ደም ፈላ፤ ወዲያው ደግሞ በረደ። ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለበት። እንደ ሕፃን ልጅ ድምፁ ቀጥኖ፣ «እና እናቴ አልተቀየመችኝም ማለት ነው?» አለ።

«እሱን አላውቅም፤ እሷን ጠይቃት። እኔ የማውቀው ይሄ ጨርቅ የእሷ ቅያሜ እንዳልሆነ ነው።»

«አፉ ብያለሁ» አለ አብዱልመናን።

ዙህርን ሰግደው፣ ታንኩን አጥበው ገጠሙና አብረው ተነሱ። መኪናዋ ሦስተኛውን ጥምዝ ሳታንገራግር አለፈች። ወይዘሮ ነፊሳ ደጃቸው ላይ፣ የአጥሩን እንጨት ይዘው ቆመው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ፊታቸውን ወደ ሰዉ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ድምፅ አዙረዋል።

«አሁንስ አልተመለስክም?» አሉት።

«እማ…»

«ሦስት ጊዜ ሰማሁህ። ጥምዙ ላይ ትደርስና ዝም ትላለህ። ከዚያ ቁልቁል ስትወርድ እሰማለሁ። ጠዋትም ሰምቼሃለሁ። ልጄ ፊቴን ማየት እንዲህ ጠላ እያልኩ እዚችው እንጨት ላይ እንባዬን እጠርጋለሁ። ግን ድምፁን በሰማሁ ቁጥር እወጣለሁ።»

አብዱልመናን እግራቸው ላይ ወደቀ። እጃቸው ራሱን ዳብሶ አገኘው፤ ዱዓውም ሳይጠየቅ መጣ። ሐጂ ጨርቁን አውጥተው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸውና ከእሳቸውም አፉታ ጠየቁ። ወይዘሮ ነፊሳ ጨርቁን በጣታቸው ደባብሰው፣ እያለቀሱ ሳቁ። «በዚህች? እኔ እኮ አላህ የለየን መስሎኝ ነበር» አሉ።

ሐጂ ሸረፋ ያኔ ነው እስከ ዛሬ የሚነገርላቸውን ቃል የተናገሩት፦ «ነፊሳ፣ ‹አላህ ዘጋው› ከማለታችን በፊት፣ በእጃችን የወተፍነው እንዳይሆን እንይ።»

በቀድር፣ ማለትም በአላህ ውሳኔ፣ ማመን የኢማናችን መሠረት ነው፤ ሐጂም ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ነገር ግን ስንፍናችንንና ፍርሃታችንን ቀድር ብለን ስንጠራው አደብ ይጎድለናል። እናት ከላይ፣ ልጅ ከታች፣ በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ምክንያት አንዱ የሌላውን ፍቅር ሦስት ዓመት ተጠራጠረ። ሐጂ ስማቸውን ቢያስበልጡ ኖሮ መኪናዋ ትድን ነበር፤ ጥርጣሬው ግን ወደ ጎረቤት ተሻግሮ ይቀጥል ነበር።

ከእኛም መካከል ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቆሞ ምልክት የሚጠብቅ አይጠፋም። ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው የቀረው። ከላይ እንጨት ይዞ የቆመ ሰው አለ፤ መምጣታችንንም መመለሳችንንም ይሰማል። መኪናው እምቢ ካለ በእግራችን እንሂድ።