ከሚዛኑ በላይ

አጭር ቃል ላካፍላችሁ። አንዲት ሴት ነበረች። ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሰፈሯ ለመንገድ ሊፈርስ ነው፤ ልቀቂ የተባለችው ለነገ ነው። ቤት የላትም፤ ደላላ ግን አላት።

ደላላው ይርዳው ይባላል። እግዜር ይርዳው ማለት ነው፤ ረድቶታልም።

አንድ ክፍል ቤት አገኘላት። በኮሚሽኑም ተስማሙ። ቁልፍ መቀበያው ሰዓት ደረሰ፤ አከራዩ ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል። ይርዳው ቁልፉን ዘረጋላትና መልሶ ሰበሰበው።

«የማሳያ ይቀራል፣ እማማ።»

«የምን ማሳያ?»

«ተጨማሪ አገልግሎት ነው። በሩን ከፍቼ ቤቱን አሳይቼዎታለሁ።»

«ታዲያ ሳትከፍት ልታከራየኝ ኖሯል?»

«ካልከፈሉ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑስ? ነገ ግድግዳችሁ ይፈርሳል። ቁልፉ በሰው እጅ ነው። አትለምኑም? አትለማመጡም?

እሷ አልለመነችም። የተስማሙበትን ቆጥራ ሰጠችው። ከዘንቢሏም ሦስት ሽንኩርት አውጥታ ብሩ ላይ ጣል አደረገችለት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምርቃት ነዋ! ሃያ ዓመት ስሸጥ ከሚዛን በላይ ጨምሬ እንጂ ወስጄ አላውቅም። የኔ ጭማሪ ስም አለው፣ ልጄ። ያንተን ማን ልበለው?»

ይርዳው ብሩን ደግሞ ቆጠረ።

ይሄኔ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔንም የማሳያ ብሎ ተቀብሎኛል።»

«እርስዎን ደግሞ ምን አሳየዎት?»

«አንቺን።»

ቁልፉን ከእጁ ወስደው ሰጧት። ይርዳው ሽንኩርቱን አልመለሰም።

እስቲ ቃሉን ልብ በሉት። አባቶቻችን ከዋጋ በላይ ለሚሰጥ ነገር ስም ሲያወጡ፣ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚለውን ያንኑ ቃል ሰጡት፦ ምርቃት! ሽንኩርት ሻጭ በቀን ስንቴ ትመርቃለች! በዚህ ቋንቋ እኮራለሁ። በእሷም እኮራለሁ፤ ያን ቀን ቤት አልባዋ እሷ ነበረች፣ መራቂዋም እሷ።

እናንተስ? አንተ ቢሮ የተቀመጥከው፣ ለፊርማህ «የማሳያ» ትጠይቃለህ? አንቺስ፣ ለእህትሽ ያደረግሽላትን በየበዓሉ የምታነሺባት? እኔም ብሆን፣ «አጭር ቃል» ብዬ ጀምሬ ስንቴ ጨመርኩባችሁ! ምርቃት መሆን አለመሆኑን እናንተ ፍረዱ።

ነገ ሚዛናችሁ እኩል ሲቆም እጃችሁ አንድ ጊዜ ይነሳል። ያን ጊዜ እጃችሁን እዩት። ወደ ሰው ዘንቢል ነው የሚሄደው፣ ወይስ ወደ ኪሳችሁ?