ሽማግሌዎቹን የጫነችው አሮጌ መኪና

አንድ ሰው ነበረ፤ ደብረ ብርሃን የሚኖር፣ የሁለት ልጆች አባት። አሮጌ የቤት መኪና አለችው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች አትጠይቁኝ፤ ቆጣሪው ራሱ ደክሞት ከቆመ ዓመታት አልፈዋል።

አመለኛ ናት። ቤንዚኑን ሦስት ጊዜ ረግጠው ጥቂት ካልጠበቋት አትነሳም። ዳገት ላይ ሞተሯ እንዳይግል፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ማሞቂያው መከፈት አለበት። የቀኙ መስኮት በእጅ ካልደገፉት ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ሁሉ ከጎኑ ተቀምጣ የምታስታምመው ሚስቱ ነበረች፣ ወይዘሮ እታገኘሁ። "ቆይ፣ ጠብቃት፣ በል አሁን አዙር" ትለዋለች።

አንድ ቀን እንግዳ አሳፍረው ሲሄዱ፣ "ድምጿ ደህና አይደለም፤ እስቲ ቆም በል" አለችው።

"አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ! ዝም ብለሽ ተቀመጪ!" አላት። በእንግዳ ፊት!

በማግስቱ ሸኖ፣ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ወገኖቼ፣ የሰው ቦታ ባዶ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ ዳገቱ ላይ፣ "ማሞቂያውን ክፈቺው" ይላል። ከዚያ ባዶውን ወንበር ያያል። ልጆቹ ከኋላ ይሰማሉ። ናፈቀችው። እጅግ ናፈቀችው።

ታዲያ ምን አደረገ? እንደ ደንባችን ሽማግሌ ላከ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ደግሞ ላከ። ደግሞ ተመለሱ። በሦስተኛው መኪናዋን ሰጣቸው። እሱስ? እሱማ ቤቱ ተቀመጠ። "በዳይ ሲጠራ ነው የሚቀርበው" አለ። እውነቱን ነው፣ ደንብ ነው። ግን ከደንቡ ጀርባ ኩራቱ ተደብቆ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሸኖ ደርሰው ለመኗት፤ እንቢ አለች። ሊመለሱ ሲሉ መኪናዋ አልነሳም አለች። መሪውን የያዙት ጋሽ ወልደየስ ቁልፉን ቢያዞሩ፣ ቢያዞሩ፣ ወይ ፍንክች! ይሄኔ ወይዘሮ እታገኘሁ ወጣች።

"ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይውረዱልኝ" አለች። ገባች፤ ሦስት ጊዜ ረገጠች፤ ጠበቀች፤ አዞረች። መኪናዋ ተነሳች።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ወልደየስ፣ "የዚችን አሮጌ አመል እንዲህ ችለሽ፣ የእሱን አንድ ቃል ማለፍ አቃተሽ?"

"አልፌው ነበር እኮ፣ ጋሼ። እናንተን በዚህ ዕድሜያችሁ ሦስት ጊዜ አመላለሰ፤ እሱ ግን አንድ ቀን አልመጣም። እኔ ጠዋት ማታ መንገዱን ነው የማየው" አለችና አለቀሰች።

ተመልሰው ይህን ሲነግሩት ሰውየው ቁልፉን ከእጃቸው ተቀብሎ በዚያው ሄደ። ሸኖ ደርሶ በወንድሟ በር ላይ ቆመ። "በድዬሻለሁ። ናፍቀሽኛል" አለ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናግረውለታል፤ ናፍቆቱን ግን ማን ይናገርለት? ወደ ውስጥ ገባች፤ ቆየች። እሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ስትወጣ ሻንጣዋን ይዛ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሽማግሌ መላክ ክፉ ነው አልልም። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው ልካችሁ እናንተ ያልሄዳችሁበት በር የለም? ወደ እግዚአብሔርስ ቢሆን? "ጸልዩልኝ" ብላችሁ ሰው ልካችኋል፤ እናንተ ግን ቀርባችሁ "አባት ሆይ፣ ናፍቀኸኛል" ካላችሁ ስንት ጊዜ ሆነ? እሱ የላካችሁትን ሰምቷል። የሚጠብቀው ግን እናንተን ነው።

ይህን ስነግራችሁ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣልቼ ነበር። አራት ጊዜ ሽማግሌ ልኬበታለሁ፤ የወንጌል መምህርም ስለሆንኩ ራሴ መሄድ አሳፈረኝ። የሞተ ዕለት ሽማግሌዎቹ አልጋው አጠገብ ነበሩ። እኔ አልነበርኩም። "ዛሬም እሱ አልመጣም?" ብሎ ጠየቀን አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል፤ የምሄድበት በር ግን የለኝም።

የእናንተ በር ገና አልተዘጋም። እባካችሁ፣ ራሳችሁ ሂዱ።