አማትየዋ የላኩት ወይራ

አንድ ነጋዴ ከደጋ አገር ሚስት አገባ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች፤ ሙያዋ የተመሰገነ ሴት ነበረች። የነጋዴው እናት ወይዘሮ አሰገደች ግን ምራታቸውን ገና በዓይናቸው ሳያዩዋት ጠሏት። ለምን ብትሉ፣ እሳቸው የባሕር ጠረፍ ሰው ናቸው፤ «ደገኛ ደግሞ ምን ያውቃል?» የሚል ክፉ አመል ነበረባቸው።

አንድ ቀን ለልጃቸው እንዲህ ብለው ላኩበት፦ «የአባትህ ሙት ዓመት ሁለት ወር ቀረው። ድግሱ በአንተ ቤት ይሁን። ከጓሮዬ ሦስት ዓይነት ወይራ ልኬልሃለሁ፤ ሚስትህ እንደየዓይነቱ ታሰናዳው። ከቻለችበት ልጄ ናት። ካልቻለችበት ግን ወደ አባቷ ቤት ሸኛት።»

ነጋዴው እናቱን እንደ ታቦት የሚፈራ ሰው ነው። መልእክቱን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አንጓች ግን ሳቀችበት።

«ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቀው? እኔ ወይራ ሳላውቅ ነው ያደግኩት?» አለችና የወተቱን ቅል፣ የጠላውን ጋን፣ የእርጎውን ዕቃ ሁሉ አጥባ ግቢው ላይ ደረደረች። በእሷ አገር ወይራ ማለት እንጨት ነው፤ ይጤሳል፣ ዕቃ ይታጠንበታል። ፍሬውንማ ከወፍ በቀር ማን ዞር ብሎ ያየዋል!

ጭነቱ ሲራገፍ ታዲያ አንድም እንጨት የለም። ሦስት ቅርጫት ሙሉ ፍሬ ነው። አንደኛው አረንጓዴና እንደ ጠጠር የጠነከረ፣ ሁለተኛው ጥቁርና ሥጋው የሞላ፣ ሦስተኛው ከመብሰልም አልፎ የተሸበሸበ። አንጓች አንዱን አንስታ ነከሰችና ወዲያው ተፋችው። ኮሶ በስንት ጣዕሙ! «ወይ ጣጣዬ! እኚህ ሴትዮ ሊያባርሩኝ ቆርጠው ተነሥተዋል» አለችና ቅርጫቱ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

ጎረቤቶቿ መጡ። «ማር ያላሸነፈው መራራ የለም» አሏት። በማር ለወሰችው። ማሩ ይጣፍጣል፤ ፍሬው ሲነከስ ግን ያው እሬት ነው። በበርበሬ አሸችው፤ አሁን ደግሞ የሚያቃጥል እሬት ሆነ። በቅመም ቀቀለችው፤ መንደሩ ሁሉ በመዓዛው ጎመጀ፣ የቀመሰው ሁሉ ተፋው። እንዲህ እንዲህ እያለች ሁለት ሳምንት በከንቱ አለፈባት። ባሏም እያደር ዝምታ አበዛ። ዝምታው ከፍሬው ይልቅ መረራት።

አንድ ጠዋት ወደ አባቷ ቤት ይዛ የምትሄደውን ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች። እዚያም አንዲት ሴት ግብጦ የሞላ ከረጢት ከውኃው ስታወጣ አገኘች። ግብጦ መራራ እህል ነው፤ ተቀቅሎ ብዙ ቀን ወራጅ ውኃ ውስጥ ካልሰነበተ አይበላም።

«ስንት ቀን ሆነው?» አለቻት አንጓች።

«ዛሬ ሰባት ቀኑ። ነገ ይቀመሳል።»

«በምን ልታጣፍጪው ነው?»

«ምን ማጣፈጫ ያሻዋል? መራራውን ውኃው ይወስደዋል። የእኔ ሥራ መጠበቅ ነው።»

አንጓች ግንባሯን በእጇ መታች። «የግብጦ አገር ልጅ ሆኜ! ምን ነካኝ?» አለች። ልብሱን እንኳ ሳታጥብ እየሮጠች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አረንጓዴውን በድንጋይ እየሰነጠቀች ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ጠዋት ጠዋት ውኃውን ትደፋለች፣ አዲስ ትሞላለች። ምሬቱ ሲለቅ ጨው ባለው ውኃ አስቀመጠችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጥቁሩንም በዚያው መላ ልትጨርሰው ብትሞክር አንድ ገበቴ ሙሉ ላሽቆ ተበላሸባት። ስለዚህ የቀረውን በጨው ቀበረችው፤ ጨው ውስጥ ሆኖ መራራውን ጥቁር ውኃ ያነባ ጀመር። የተሸበሸበው ደግሞ ውኃም ጨውም የሚችል አልነበረም። እንደ ኑግ ወፍጮ ላይ ፈጨችው፣ ለብ ያለ ውኃ አፈሰሰችበት፣ ዘይቱ ሲንሳፈፍ በጭልፋ ገፈፈችው።

ሙት ዓመቱ ዓርብ ዋለ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፤ ቀሳውስቱ ተቀምጠዋል፣ ወይዘሮ አሰገደችም ራስጌ ላይ ተሰይመዋል። አንጓች አረንጓዴውንና ጥቁሩን በሳህን አቀረበች፤ ምስር ወጡን በዘይቱ ሠርታዋለች። ወይዘሮዋ አንድ አረንጓዴ ወደ አፋቸው አደረጉ። አኘኩት። ዘሩን ተፉና ሌላ አነሡ። ከጥቁሩም ቀመሱ። ወጡንም አጠቀሱና ቀና አሉ።

«ምሬቱን በምን ሸፈንሽው?» አሏት።

«አልሸፈንኩትም፣ እትዬ። መጀመሪያ ልሸፍነው ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። ኋላ መውጫ ሰጠሁት። አንዱ በውኃ ለቀቀ፣ አንዱ በጨው። የተሸበሸበው ግን እስኪፈጭ ድረስ ዘይቱን ደብቆ ነበር።»

ወይዘሮዋ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ ሳቅ አሸነፋቸው።

«ልጄ ‹ምራት አመጣሁ› ብሎ ሲልክብኝ፣ እኔ ‹ምሬት› ብዬ ነው የሰማሁት! ጥፋቱ የጆሮዬ ነው፣ ልጄ። በይ ነይ ሳሚኝ።»

ነጋዴው «እፎይ! ተመስገን!» ብሎ ሲጮህ ቀሳውስቱ ሳይቀሩ ሳቁ። አንጓች አማቷን ጉልበታቸው ላይ ስማ እዚያው አጠገባቸው ተቀመጠች። ከሁለት ወር ወዲህ ደስ ብሏት የበላችው የዚያን ቀን ነበር።

ወገኖቼ፣ በየቤታችን መራራ ነገር አይጠፋም። የተቀየመ ወንድም አለ፣ ያኮረፈ ጎረቤት አለ፣ ሳያየን የጠላን ሰው አለ። እኛ ደግሞ ፈጥነን ማር እናፈስበታለን፤ እንሸነግለዋለን፣ ስጦታ እንሰጠዋለን፣ «ተወው ይለፍ» እንላለን። ከላይ ይጣፍጣል፣ ውስጡ ግን ያው ነው። ምሬት የሚለቀው መውጫ ሲያገኝ ነው፤ መውጫውም ለሁሉም አንድ አይደለም። አንዱን ቁጭ ብለው ይሰሙታል፣ አንዱን ጊዜ ይሰጡታል፣ አንዱን ደግሞ «አጥፍቻለሁ» ይሉታል።

እናንተስ? ማር ቀብታችሁ ያስቀመጣችሁት የማን ምሬት ነው?